ክንዷ ውስጥ የቀረው ኢምፕላንት፦ ከአራት ኪሎ አካባቢ አንድ ጉዳይ

ይህ ጽሑፍ አንዲት ወጣት የቤት ሠራተኛ ክንዷ ውስጥ የተቀበረውን የወሊድ መከላከያ (ኢምፕላንት) ለማስወጣት ስትል ያየችውን እንግልት ይመለከታል። የምትሠራው ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚያወርደው መንገድ አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ጎረቤታሞች ነን። የጤና ጥናት ላይ እንደምሠራ ስለምታውቅ ነው ጉዳዩን ያዋየችኝ። የምጽፈው በፈቃዷ ነው። ስሟንም፣ የአሠሪዎቿን ቤትም፣ የሄደችባቸውን ጤና ተቋማትም አልጠራም። የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ወሊድ መከላከያ ተደራሽነት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው "አገኘች ወይ?" የሚል ነው። ስትፈልግ ማቆም ትችል እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ኪኒን የምትወስድ ሴት ማንንም ሳታስፈቅድ ታቆማለች። መርፌ የምትወጋም ሦስት ወሩ ሲያልቅ ትቀራለች፣ አለቀ። ኢምፕላንትና ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ግን የሌላ ሰው እጅ ይፈልጋሉ። ያ እጅ ካልተገኘ፣ ምርጫው የሴትየዋ መሆኑ ይቀራል። እኔ የፍትሐዊነት ነገር የሚለካው እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ።

ኢምፕላንቱ እንዴት እሷ ጋ ደረሰ

ልጅቷ የደቡብ ወሎ ገጠር ተወላጅ ናት። ገና ሳትጠና ተዳረች። ኢምፕላንቱ የገባላት ባሏ ቤት ሳለች፣ ቀበሌዋ ባለው ጤና ኬላ ነው። ያስገባችላት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። "እጇ ቀላል ነው፤ ምንም አላመመኝም" ትላለች ስለ እሷ። ሦስት ዓመት እንደሚያገለግል ተነግሯታል። ቀጠሮው የተጻፈበት ካርድ እናቷ ቤት ሳጥን ውስጥ ቀርቷል። ትዳሩ ሲፈርስ በዘመድ በኩል አዲስ አበባ መጣች። ደላላ ከአሠሪዎቿ ጋር አገናኛት።

አንዲት የገጠር ወጣት በቀበሌዋ ኢምፕላንት ማግኘቷ ቀላል ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1966 ሥራ ሲጀምር ስለ ወሊድ መከላከያ በአደባባይ ማውራት ራሱ የሚያስፈራ ነበር። የ1993ቱ ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ የወሊድ መከላከያን ማስተዋወቅ የሚገድቡ ሕጎች እንዲነሡ ጠየቀ። የተጠቃሚዎችን ድርሻ በ2015 ከ4 በመቶ ወደ 44 በመቶ የማድረስ ግብም አስቀመጠ። ፖሊሲው ከወጣ ከአሥር ዓመት በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በ2009 ደግሞ የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖን የሚባለውን ባለ አንድ ዘንግ ኢምፕላንት እንዲያስገቡ መሠልጠን ጀመሩ። በ2013 በዓለም አቀፍ ስምምነት የኢምፕላንት ዋጋ በግማሽ ገደማ ወረደ። ጃዴል የሚባለው ባለ ሁለት ዘንጉ ከ18 ዶላር ወደ 8.50 ዶላር ወረደ ማለት ነው።

ውጤቱም ታየ። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች መሠረት ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች በ2000 6 በመቶ ነበሩ። በ2005 14፣ በ2011 27፣ በ2016 35 በመቶ ሆኑ። ከእነዚህ ቁጥሮች ጀርባ በእግሯ ኮረብታ የወጣች፣ ቤት ለቤት ያንኳኳች የኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። ክብር ይገባታል።

አንድ ነገር ግን ጎድሎ ቀረ። ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንድታስገባ እንጂ እንድታወጣ አልሠለጠነችም። ማውጣቱ ለጤና ጣቢያ ተተወ። ምክንያቱ ይገባኛል። ማስገባት በተዘጋጀ መርፌ የሚሠራ ነው። ማውጣት ግን ቆዳ መቅደድ ይፈልጋል። ኢምፕላንቱ ጠልቆ ከገባ ደግሞ ልምድ ያስፈልጋል። አሠራሩ የሚያስኬደው ሴትየዋ እዚያው ከቆየች፣ ጤና ጣቢያውም ቅርብ ከሆነና ከተዘጋጀ ነው። ይቺ ልጅ ግን አልቆየችም። በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያሉ ብዙ የገጠር ሴቶች አይቆዩም። ወደ ከተማ ይመጣሉ፣ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። ኢምፕላንቱ አብሯቸው ይሄዳል። ካርዱ ግን ቤት ይቀራል።

"ለመድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ለኔ ግን"

ማስወጣት የፈለገችው ለመውለድ አይደለም። ደም ነው ያስቸገራት። ለሳምንታት ጠብ ጠብ ይላል። ሁለት ሦስት ቀን ያርፍና ይመለሳል። ኢምፕላንት እንዲህ ማድረጉ የታወቀ ነው። በሕክምና ቋንቋ ጤናን የማይጎዳ፣ ብዙ ጊዜም በራሱ የሚስተካከል የጎንዮሽ ችግር ይባላል። ለጊዜው ደሙን የሚያስታግስ መድኃኒትም አለ።

ለሷ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሳምንት ውስጥ የራሷ የሆነ ጊዜ ያላት እሑድ ጠዋት ብቻ ነው። ነጠላዋን ተከናንባ አምስት ኪሎ ማርያም ትሄዳለች። ደም እየፈሰሳት ግን ቤተ መቅደስ አትገባም። ከውጭ፣ ከቅጥሩ ሥር ትቆማለች። ጠበል አትጠጣም፣ መስቀል አትሳለምም። የአገሯ ልጆች ቅዳሴ ሲያልቅ ያገኟታል። "ምን ሆነሽ ነው ሁልጊዜ ውጭ የምትቆሚው?" ብለው ይጠይቋታል። ምን ትበላቸው? ባል የላት፣ "መከላከያ ነው" ብትል ወሬው ወሎ እስኪደርስ አይቆይም።

"ሲስተሯ ለጤናሽ ቀላል ነው ትለኛለች" አለችኝ። "ለመድኃኒቱ ቀላል ነው። ለኔ ግን ማርያምን ከለከለኝ።"

ደጋግሜ ያሰብኩበት ንግግር ነው። የምክር አገልግሎት ላይ ስለ ደም መዛባት ይነገራል። ደሙ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከጾምና ከሶላት እንደሚያስቀር ግን ስንት ባለሙያ አንሥቶ ይጠይቃል? ሙስሊም ሴትም ከዚህ ጭንቀት አታመልጥም። ደሙ የወር አበባ ነው አይደለም፣ ልስገድ አልስገድ እያለች ትብሰለሰላለች። ይህ መጀመሪያውኑ ቢነገራት ምናልባት ሌላ ዘዴ ትመርጥ ነበር።

በር ማንኳኳት

አሠሪዋ ክፉ ሰው አይደሉም። ቢሆንም ልጅቷ እውነቱን ልትነግራቸው አልደፈረችም። ያላገባች ልጅ ጤና ጣቢያ ለቤተሰብ ምጣኔ ልሂድ ካለች የሚጠረጠረው ይታወቃል። "እትዬ፣ ጥርሴን አሞኛል" ብላ ወጣች። ሁለት ሰዓት ተሰጣት። ሕፃኑን ከትምህርት ቤት ማምጣትም አለባት።

የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍሉ ላይ ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ መታወቂያ ተጠየቀች።

"የለኝም።"

"የማን ቤት ነሽ?"

"ሰው ቤት ነው የምሠራው።"

"እንግዲያው የአሠሪሽን ይዘሽ ነይ።"

የወሊድ መከላከያ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ከሚሰጡ አገልግሎቶች አንዱ ነው። ገንዘብ አይጠየቅበትም። ለዚህች ልጅ ግን ዋጋው መታወቂያው ነበር። የአሠሪዋን መታወቂያ ለመጠየቅ ምክንያቱን መናገር አለባት። ስለዚህ ተመለሰች።

ሌላ ቀን የአገሯ ልጅ ወደምታውቀው ሌላ ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያ ካርድ ወጣላት። የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ ግን በዚያ ሰዓት አንድ ነርስ ብቻ ነበረችበት። ኮሪደሩ ላይ ሕፃን ያዘሉ እናቶች ተደርድረዋል። ነርሷ ክንዷን ዳበሰችና፣ "የኔ እናት፣ ይሄ እኮ ጊዜው አልደረሰም። ትንሽ ታገሺው፣ ይለምድልሻል" አለቻት። ደሙን የሚያቆም ኪኒን ሰጠቻት። ኪኒኑ እስኪያልቅ ቆመ። ከዚያ መልሶ መጣ።

ተመልሳ ስትሄድ "ማስወጣት ነው የምፈልገው" አለች፣ ቁርጥ አድርጋ። በዚያ ቀን የቀረበላት ምክንያት ማውጣት የሠለጠነችው ባለሙያ ፈቃድ ላይ መሆኗ ነው። ቀጥላ ስትሄድ ደግሞ ማውጫ ዕቃው አልተቀቀለም ተባለች። "ሰኞ ነይ።" ሰኞ የልብስ ቀን ነው። መውጣት አትችልም።

የግል ክሊኒክም ጠየቀች። የተጠየቀችው ብር ከወር ደሞዟ ግማሽ ይጠጋል። ያንን ብር ለእናቷ ነው የምትልከው።

በዚህ መሃል ነው ጎረቤት ግቢ የምትሠራ ጓደኛዋ መፍትሔ ያመጣችው። ኢምፕላንቱ ከቆዳ ሥር ስለሚዳሰስ "በምላጭ ትንሽ ቀደድ አድርገን እንግፋው" አለቻት። እሷም ወደ መስማማቱ ነበረች። ወደኔ የመጣችው "ምላጩን በአረቄ ብናጥበው ያመረቅዛል?" ብላ ለመጠየቅ ነበር። ደንግጬ ተነሣሁ። አንዲት ሴት ነፃ አገልግሎት ባለበት ከተማ፣ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ በእግር በሚደረስበት መሃል አዲስ አበባ፣ ክንዷን በምላጭ ለመቅደድ እንድታስብ ያደረጋት ድንቁርና አይደለም። ያለ የሌለ በር አንኳኩታ ስላልተከፈተላት ነው።

የወጣበት ቀን

በማውቃቸው ባለሙያዎች በኩል ኢምፕላንት ማውጣት በደንብ የምትችል አዋላጅ ነርስ ያለችበት የመንግሥት ተቋም ተገኘ። አብሬያት ሄድኩ። አዋላጇ መጀመሪያ የጠየቀቻት "ለምን?" ብላ አይደለም። "ምን እንዳስቸገረሽ ንገሪኝ፤ ከዚያ አንቺ ያልሽው ይሆናል" አለቻት። ልጅቷ አቀርቅራ ስለ ደሙ ነገረቻት። ስለ ማርያምም ነገረቻት። አዋላጇ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም።

አልጋው ላይ አስተኛቻት። ግራ ክንዷን አጠፈች። ኢምፕላንቱን በጣቷ ፈልጋ ሁለቱን ጫፎች በእስክሪብቶ ምልክት አደረገችባቸው። አካባቢውን ጠረገች። ማደንዘዣውን ከታችኛው ጫፍ ሥር ወጋች። "አሁን ስነካሽ ይሰማሻል?" "አይሰማኝም።" ከዚያ የላይኛውን ጫፍ በአንድ ጣት ጫን ስትለው የታችኛው ጫፍ ቆዳውን ከሥር ገፋ አደረገው። እዚያ ላይ በምላጭ ጫፍ በጣም ትንሽ ቀደደች። ነጩ ዘንግ ብቅ አለ። በመቆንጠጫ ሳበችው። ወጣ። ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር፣ የክብሪት እንጨት የምታክል ነገር። ስፌት አላስፈለገም። ፕላስተር ተለጠፈበት፣ በፋሻ ታሰረ። ሥራው ራሱ የጥቂት ደቂቃ ነው። ለዚህች የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው ወራት የተንከራተተችው።

አዋላጇ ዘንጉን በጎዝ ላይ አድርጋ አሳየቻት፣ ሙሉው መውጣቱን እንድታይ። መከላከሉ ከዚያች ቀን ጀምሮ እንደማይቆጠር ነገረቻት። ሌላ ዘዴ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጅቷ ለጊዜው አልፈልግም አለች። አዋላጇ አልተጫነቻትም። ስለ ኮንዶምና ያለ መከላከያ ግንኙነት ከተደረገ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሚወሰደው ፖስትፒል አስረዳቻት። ሐሳቧን በቀየረች ጊዜ ተመልሳ እንድትመጣም ነገረቻት።

ችግሩ የማን ነው?

ነርሶቹን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ያቺ "ታገሺው" ያለቻት ነርስ ብቻዋን ስንት ሰው እንደምታስተናግድ በዓይኔ አይቻለሁ። ክፉ ልብም የላትም። ሥርዓቱ የቀረጻት እንደዚያ ነው። ቤተሰብ ምጣኔ ላይ ከወረዳ እስከ ላይ የሚሄደው ዋና ሪፖርት መከላከያ የወሰዱትን፣ አዲስና ነባር ተጠቃሚዎችን የሚቆጥር ነው። ኢምፕላንት ስታስገባ ቁጥር ይጨምራል። ስታወጣ፣ ሴትየዋም ሌላ ካልወሰደች፣ በዚያ ቁጥር ውስጥ ቦታ የላትም። ልጅቷ ያገኘችው መልካም አገልግሎት፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ምንም እንዳልተሠራ ነው።

ሌላው የሰዓት ነገር ነው። የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሎች የሚከፈቱት በቢሮ ሰዓት ነው። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የቢሮ ሰዓት የላትም። ሕጉም አልደረሰላትም። የ2019ኙ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ የቤት ሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው የተወው። የሳምንት ዕረፍትና የሕመም ፈቃድ የመሳሰሉትን የአዋጁ መብቶች እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ አንሥታ አትከራከርባቸውም። የሚቀርላት የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እሱም አሠሪ ቤቱ የምትኖረውን ሠራተኛ ጤና እንዲጠብቅ ያዛል። ጥሩ አንቀጽ ነው። ግን ጤና ጣቢያ ስትሄድ "ጥርሴን አሞኛል" ብላ እንዳትዋሽ አላደረጋትም። ለኔ የቤት ሠራተኞች የዕረፍት ቀን ጉዳይ የወሊድ መከላከያ ፖሊሲም ጉዳይ ነው። ሁለቱን ለያይቶ ማየት ነው ያዘገየን።

ሦስተኛው፣ አዲስ አበባ በአማካይ ስትታይ ችግር የሌለባት መምሰሏ ነው። በ2016ቱ ዳሰሳ የከተማዋ የወሊድ መጠን በአንዲት ሴት 1.8 ልጅ ነበር። የአገሪቱ 4.6 ነበር። ከከተማዋ ባለትዳር ሴቶች ግማሽ ያህሉ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። ይህን ያየ ሰው "አዲስ አበባማ ተደርሷል" ቢል አይፈረድበትም። ግን በዜናና በሪፖርት ጎልቶ የሚወጣው ቁጥር የባለትዳሮች ነው። የኛ ልጅ ባለትዳር አይደለችም። ደግሞም በቁጥሩ ብትገባ እንኳ ያኔ "ተጠቃሚ" ተብላ ነው የምትመዘገበው፣ ኢምፕላንቱ ክንዷ ውስጥ ነበርና። ማስወጣት ፈልጋ ያልቻለችን ሴት እንደ ስኬት የሚቆጥር መለኪያ መታረም አለበት።

እዚህ ላይ የጥናት ድርሻ ትልቅ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤትና በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የሚካሄደው ፒኤምኤ ኢትዮጵያ የተባለው ዳሰሳ የቤተሰብ ምጣኔ መረጃን በተከታታይ ይሰበስባል። ለኢምፕላንት ተጠቃሚዎች ማስወጣት ሞክረው እንደሆነ መጠየቅ በእንዲህ ያለ ዳሰሳ የሚቻል መሆኑን ፒኤምኤ አሳይቷል። ይህ ጥያቄ በመደበኛው የጤና መረጃ ሥርዓት ውስጥም መግባት አለበት። ስንት ሴት ጠየቀች? ስንቷ በዚያው ቀን ወጣላት? ስንቷ ተመለሰች፣ ምን ተብላ? ለዚህ ውድ ጥናት አያስፈልግም። መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ መጨመር ይበቃል። የቤት ሠራተኞችን በተመለከተ ግን ራሱን የቻለ ጥናት ያስፈልጋል። ቤት ለቤት ሲጠየቅ በሩን የሚከፍተውና አጠገቧ የሚቀመጠው አሠሪዋ ነው። እውነቱን እዚያ አትናገርም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወይም ደላሎች ጋ፣ ወይም ማታ ትምህርት ቤት ማግኘት ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2024 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል። ሠራተኞቻቸውም አብረው ሄደዋል፣ ወይም ሥራ ለቀዋል። ቀጠሯቸው የተጻፈው ግን መሃል ከተማ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ነው። ካርዱ ከሴትየዋ ጋር የማይሄድ ከሆነ፣ የወሎው ሳጥን ታሪክ እዚሁ ከተማ ውስጥ ይደገማል።

የገንዘቡም ነገር ያሳስበኛል። ለመከላከያ ግዢ በዓለም ደረጃ ከፍተኛ ድርሻ የነበረው የአሜሪካው ዩኤስኤይድ በ2025 ጁላይ ላይ ሥራውን አቁሟል። ዕቃ ሲያጥር "ጊዜው ሳይደርስ ማስወጣት ብክነት ነው" የሚለው ድምፅ ይበረታል። ይህ ድምፅ ወደ መመሪያ እንዳይገባ ከአሁኑ መናገር ያስፈልጋል። ማስወጣት የአገልግሎቱ አካል ነው። የማስገቢያው በጀት ሲያዝ የማውጫው መሣሪያ፣ ማደንዘዣውና ሥልጠናው አብሮ ይያዝ። ኢምፕላንት የሚያስገባ ጤና ጣቢያ ሁሉ የሚያወጣ ሰው በየፈረቃው ይኑረው። ጠልቆ ለገባውና ለማይዳሰሰው ደግሞ የት እንደሚላክ አስቀድሞ ይታወቅ። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ክፍት የሚሆን አንድ ክፍል በየክፍለ ከተማው ይሁን። ካርድ ክፍሎችም ለዚህ አገልግሎት መታወቂያ መጠየቅ ያቁሙ።

ይህን የምታነብ፣ ወይም ሰው የሚያነብላት፣ ኢምፕላንት ያላት እህት ካለች፦ ሦስት ዓመቱ ባይሞላም ማስወጣት ትችያለሽ። ምክንያትሽን መናገርም ያንቺ ፈቃድ ነው። በመንግሥት ጤና ተቋም አይከፈልበትም። ካርድሽ ከጠፋ ያለ ካርድም ሂጂ፣ ክንድሽን ዳብሰው ያገኙታል። "ሌላ ቀን ነይ" ካሉሽ የሚያወጣው ሰው የትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚገኝ በወረቀት አስጽፊ። ለማርገዝ ካላሰብሽ በዚያው ቀን ሌላ ዘዴ ጠይቂ፣ ኢምፕላንቱ ከወጣ በኋላ አይከላከልልሽምና። ምላጭ ግን በፍጹም አታስነኪው፤ ዘንጉ ሊሰበርና ግማሹ ውስጥ ሊቀር ይችላል፣ ያኔ ማውጣቱ ኦፕራሲዮን ሊጠይቅ ይችላል።